ሠላሳ አራተኛዋ ወጌሻ

ይህ ነገር የሆነበትን ከተማ ስም አልናገርም። ብናገርም የሚያውቀው የለም፤ የሚያውቀው ቢኖርም «የእኔ ከተማ አይደለም» ብሎ እፎይ ይላል። ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት፣ ሱቁ ከመኖሪያው የበዛ፣ ሰዉ ሥራ የሚወድ ከተማ ነበር ማለት ይበቃል።

አሰገደች እዚያ ከተማ ውስጥ ወጌሻ ነበረች። የወለቀ ትከሻ ትመልሳለች፣ የተሰበረ አጥንት ትጠግናለች፣ ወለምታ ታሻለች። ሙያውን ከአባቷ ተምራ ሠላሳ ዓመት ሠርታበታለች። በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሰው ሲወድቅ አጠገቡ የቆመው «አሰገደች ዘንድ ውሰዱት» ይላል፤ ይወስዱታል።

ከተማው እየሰፋ እንግዳው እየበዛ ሲሄድ ሹማምንቱ ተሰብስበው መከሩ። «ሰው ሰውን ሲጠይቅ ጊዜ ይባክናል። የተጠየቀውም ይሳሳታል፤ አንዳንዱም ለዘመዱ ያዳላል» አሉ። ከዚያም በከተማው መግቢያ ላይ የጥቆማ ቤት አሠሩ። ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው። ከመስኮቱ ኋላ ጸሐፊ ይቀመጣል። የመጣ ሰው የሚፈልገውን ይናገራል፤ ጸሐፊው ወደ ትልቁ ሰሌዳ ዞሮ ስሞችን በተራ ያነብለታል። ስሙ የቀደመ ሰው በሙያውም ይቀድማል ተብሎ ይታመን ነበር።

ተራውን የሚወስኑት በር አንባቢዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በየሰፈሩ እየዞሩ በየበሩ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ፤ የአንዱ ሰው ስም በስንት ሌሎች ሰዎች በር ላይ እንደተጻፈ ይቆጥራሉ፤ ሲመለሱ ሰሌዳው ይታደሳል። በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ ግን አይናገሩም። «ሚዛኑ ከታወቀ ሰው ሥራውን ትቶ ለሚዛኑ መሥራት ይጀምራል» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ለማይታወቀው ሚዛን መሥራት ጀመረ።

በመጀመሪያው ዓመት የተጠቀመው እንግዳው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የከተማው ሰው ራሱ እርስ በርስ መጠያየቅ ተወ። አንድ ጠዋት ባሻ ዘለቀ ጣራ ሲከድን ወድቆ ትከሻው ወለቀ። የባሻ ዘለቀ ቤት ከአሰገደች ቤት ፊት ለፊት ነው። ክንዱን ደግፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሲወጣ አሰገደች በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ባሻ፣ ምን ሆኑ?»

«ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻ ልጠይቅ ወደ መስኮቱ እየሄድኩ ነው።»

«እኔ እኮ እዚህ አለሁ።»

ባሻ ዘለቀ ቆም ብሎ አሰበ። «አንቺንማ አውቅሻለሁ» አላት። «ማን እንደሚሻል ግን አላውቅም።» ይህን ብሎ ክንዱን እንደደገፈ መንገዱን ቀጠለ።

አሰገደች ያን ቀን አልተናደደችም፤ ፈራች እንጂ። ሰውየው ያለፈው በጥላቻ አልነበረም። ለአሥራ ስምንት ዓመት ጨው ሲጎድልበት ከእሷ የሚበደር፣ ልጁ በወደቀ ጊዜ ሁለቴ የጠገነችለት ሰው ነው። እሱ እንዲህ ካለፈ ማን ይቆማል? በማግስቱ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት። ገድሉ የሚባል፣ ቀጭን፣ ድምፁ የጠራ ሰው ነበር።

«ወጌሻ ፈልጌ ነበር» አለችው።

ገድሉ ወደ ሰሌዳው ዞረ። «አንደኛ፣ ተሰማ የስብራት ጌታ። ሁለተኛ፣ ፈውስ በአንድ ጀምበር። ሦስተኛ...» እያለ አሥር ስም አንብቦ ዝም አለ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከአሥር በኋላ ያለውን ጠይቆ የሚያውቅ የለም።»

«እኔ ጠየቅኩዎት።»

ገድሉ ከሰልፉ አሻግሮ አየና ድምፁን ቀነስ አድርጎ ማንበቡን ቀጠለ። ከኋላ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። የእሷ ስም ሠላሳ አራተኛ ላይ ነበር። በከተማው ውስጥ ይህን ያህል ወጌሻ መኖሩን አታውቅም ነበር። ሰባቱን በስም ታውቃቸዋለች፤ ሦስቱ ሞተዋል። ተሰማን ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች። ተሰማ በር ቀቢ ነበር። አጥንት ነክቶ አያውቅም፤ በር ላይ ግን እንደ እሱ የሚጽፍ የለም።

ወደ ቤቷ ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰው መጣ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አልመጣም።

ልሳኑ የመጣው ያኔ ነው። ልሳኑ ስም አሳዳጊ ነበር፤ የጥቆማ ቤቱ ከተሠራ ወዲህ የበቀለ ሙያ ነው። ልሳኑ ወሬኛ አልነበረም፤ ጫማውን የሚወለውል፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ትሑት ሰው ነበር። ባዶ በሯን ግራ ቀኝ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ እጅዎ እንደሚያድን ሰምቻለሁ። ግን እጅ አይነበብም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሰው መስኮቱ ላይ ሲደርስ ‹ወጌሻ› ብሎ አይጠይቅም። ‹ቁርጭምጭሚቴ አበጠ› ነው የሚለው፤ ‹አያቴ ወድቃ ዳሌዋን አመማት› ነው የሚለው። በርዎ ላይ ሰው የሚጠይቅበት ቃል መኖር አለበት። ከዚያ ሌሎች ሰዎች በራቸው ላይ ስምዎን እንዲጽፉ እናደርጋለን። በየሰኞው ደግሞ አዲስ ነገር ይጽፋሉ፤ አንባቢዎቹ የቆየ ጽሑፍ አይወዱም።»

«ለድካምህስ?»

«ምንም አልፈልግም። ከበርዎ ግርጌ ስሜን ይጻፉልኝ። እኔም በዚያው ነው የማድገው።»

አሰገደች ነገሩን ስታሰላስል ሰነበተች። ሐሰት አልነበረበትም። ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ አያቶች ይወድቃሉ። ኖራ ገዝታ ቀለም በጠበጠች።

በዚያ ወራት ከተማው ሁሉ ይጽፍ ነበር። ነጭ ግድግዳ ላይ በነጭ ኖራ የሚጽፉ ነበሩ፤ ሰው እንዳያየው፣ አንባቢ ግን ዳስሶ እንዲያገኘው። ቶሎ የማይከፈት በር ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ወሬ ሲነሳ ገሚሱ ሰው በሩን ነቀለ። ከዚያ የሚጻፍበት በር ስለጠፋ የነቀሉትን በር ከግድግዳው አስደግፈው ጻፉበት። አንድ ሸማኔ ስለ ሽመና መጻፉ ጊዜ ስለወሰደበት መሸመኑን ተወ፤ በሰሌዳው ላይም ሁለተኛ ወጣ። ገበያ መሐል ደግሞ ምስክሮች ይቀመጡ ነበር። እነዚህ ተሰብሮ የማያውቅ እግራቸው እንዴት እንደዳነ ይናገራሉ።

«ምስክር ልቅጠርልዎ?» አላት ልሳኑ።

«ያዳንኳቸው ሰዎች አሉ አይደል?»

«የዳነ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ለመመስከር ጊዜ የለውም።»

«ከሆነ ይቅር» አለች። ልሳኑ አልተከራከራትም።

ቢሆንም ስሟ ከፍ አለ። ከሠላሳ አራት ወደ አሥራ ዘጠኝ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት። የዳቦ ጋጋሪው፣ የኮርቻ ሰፊውና የሦስት ጠጅ ቤቶች በር ላይ ስሟ ተጻፈ፤ እሷም በበሯ ላይ የዳቦ ጋጋሪውን ስም ጻፈች። አንዳንድ ሰው መምጣት ጀመረ። አንድ ሰኞ መሰላል ላይ ወጥታ ስለ አንጓ ስትጽፍ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ጣቱ ተሰብሮ መጣ። «ትንሽ ቆይ፣ ይህችን መስመር ልጨርስ» አለችው። ሰውየው ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ከመሰላሉ ሥር ቆመ። መስመሯን ጨርሳ ስትወርድ ፊቱ በላብ ተጠምቆ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀለሟ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነበር። አላማረረም። አሰገደች ግን ጣቱን ስትጠግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። አባቷ ቢያያት ምን ይላት እንደነበር ታውቃለች። ቢሆንም በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና መሰላሉ ላይ ወጣች።

በዓመት አንድ ቀን ትልቁ ንባብ የሚባል ነበር። በዚያ ቀን አንባቢዎቹ ሁሉ ደወል እያሰሙ በአንድነት ይወጣሉ። ባለሙያ ሁሉ በሩን ከፍቶ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በሩ የተዘጋ ወይም ባለቤቱ የሌለ ሰው ስሙ ከሰሌዳው ተፍቆ ለአንድ ዓመት ይቆያል። አሰገደች ያኔ አሥራ አንደኛ ደርሳ ነበር። ልሳኑ በማለዳ መጥቶ በሩን ወለወለላት።

«ዛሬ አሥሩ ውስጥ እንገባለን» አለ። «ከአሥሩ ከገባን ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው።»

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። መቀነቷ ተፈቷል፤ ነጠላዋን መንገድ ላይ ጥላዋለች።

«እትዬ አሰገደች እርስዎ ነዎት? ይመናሹ እባላለሁ። የገድሉ ሚስት ነኝ፤ የጸሐፊው።»

«ምን ሆነ?»

ይመናሹ እያለከለከች ተናገረች። ገድሉ ከትናንት ወዲያ ሰሌዳውን ለንባቡ ሲወለውል ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የሥራ ጓደኛው ሰሌዳውን አነበበለት። ያንኑ ዝርዝር ገድሉ ራሱ ለሰው ሲያነብ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዴት እንደሚሠራም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም የመጀመሪያው ስም ሲነበብለት ተነሥቶ ወደ ተሰማ ሄደ። ተሰማ ክንዱን በሽንበቆ ደግፎ በእርጥብ የቆዳ ጠፍር ጠፍንጎ አሰረው።

«እርጥብ ጠፍር?» አለች አሰገደች።

«አዎ። ትናንት ሙሉ ቀን ሲጮህ ዋለ። ጣቶቹ አብጠው ጠቆሩ። ዛሬ ግን ዝም ብሏል። አያመኝም ይላል።»

እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል። አሰገደች የሚጮኸውን ሰው አትፈራውም ነበር፤ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራት።

«ተሰማ ዘንድ አልተመለሳችሁም?»

«ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቆሟል። ‹ንባቡ ይለፍና እመጣለሁ› አለኝ። መስኮቱ ደግሞ ዛሬ ዝግ ነው። ምንጭ ላይ አንዲት ሴትዮ አገኘሁና ጠየቅኳት። እርስዎን ነገረችኝ።»

ልሳኑ ሁሉንም ሰምቷል። ጠጋ ብሎ በለሆሳስ «እትዬ፣ አንባቢዎቹ ታችኛው ሰፈር ደርሰዋል። እስከ ቀትር ያልፋሉ» አለ።

«እስከ ቀትር እጁ ይሞታል።»

«አውቃለሁ።»

«በሩን ክፍት አድርጌው ብሄድስ?»

«ባለቤቱ ከሌለ እንደተዘጋ ነው የሚቆጠረው።»

«አንተ ቁምልኝ።»

«እኔን ያውቁኛል። ስሜ አርባ በር ላይ አለ።»

አሰገደች ወዲያው ተንቀሳቀሰች ብል በወደድኩ። አልተንቀሳቀሰችም። በሯን አየች፤ ስንት ሰኞ የጻፈችውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየችው። ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወስደውን መንገድ አየች፤ አንባቢዎቹ ገና አይታዩም። ምናልባት ይፈጥኑ ይሆናል ብላ አሰበች። ምናልባት ጠፍሩ እንደተባለው ያህል አልጠበቀ ይሆናል ብላም አሰበች። ይመናሹ አልለመነችም፤ ቆማ የአሰገደችን እጅ ብቻ ታይ ነበር። ኋላ ላይ አሰገደች ራሷ እንደተናገረችው፣ ያ ቆይታ አንድ ሰው ውኃ የሚጠጣበትን ያህል ነበር፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ታፍርበታለች።

ገብታ ምላጭና ንጹሕ ጨርቅ ያዘች። በሩን ዘግታ ቆለፈችው።

«እንሂድ» አለች።

ገድሉ መደብ ላይ ተጋድሞ ነበር። ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው በጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ጣቶቹ አብጠው የበሰለ በለስ መስለዋል። አሰገደች ነካቻቸው፤ ይቀዘቅዛሉ። ጥፍሩን ተጭና ለቀቀችው፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«አንደኛ ነበር» አላት ገድሉ። «ሰሌዳው ላይ እኮ አንደኛ ነበር።»

«አሁን አትናገር። ጣትህን አንቀሳቅስ።»

ገድሉ ጣቶቹን አየ። አልተንቀሳቀሱም።

ምላጩን በደረቁ ጠፍር ላይ ብትጫነው ተንሸራቶ ሥጋውን እንደሚከፍተው ታውቃለች። ለብ ያለ ውኃ አስመጣች። ጨርቅ እየነከረች ጠፍሩ ላይ ትጭናለች፣ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትነክራለች። ከዚህ የበለጠ ማጣደፍ አይቻልም። ከውጭ የአንባቢዎቹ ደወል ተሰማ፤ በዚያ ሰፈር በኩል እያለፉ ነበር። አሰገደች አንገቷን አላቀናችም። ጠፍሩ ጥቂት ሲለሰልስ የምላጩን ጫፍ ከሥሩ አስገብታ ወደ ላይ፣ ከሥጋው አርቃ ቆረጠች። አንዱ ዙር ተፈታ። ሁለተኛው። አምስተኛው ላይ ሽንበቆው ተበትኖ ወደቀ። ጠፍሩ የነበረበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ሆኖ ቀርቷል።

ምንም አልሆነም። ክንዱ እንደበድን ተጋደመ። አሰገደች ከፍ አድርጋ ትራስ ላይ አኖረችው። ይመናሹ አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች። አሰገደች ጥፍሩን ተጭና ትለቃለች፤ ነጭ ነው። ትጠብቃለች፤ እንደገና ትጫናለች። ሠላሳ ዓመት ስትሠራ እንዲህ የረዘመባት ጊዜ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ትንሽ ቅላት ታየ፤ ከዚያም በሌባ ጣቱ።

ያን ጊዜ ገድሉ ጮኸ። ሕመሙ ተመልሶ መጣበት፤ ገላው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። ይመናሹ ማልቀስ ጀመረች። አሰገደች ግን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጥላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋን ለቀቀች።

«ጩህ» አለችው። «ጩህ የኔ ልጅ።»

ሕመሙ ረገብ ሲልለት አጥንቱን አስተካክላ በሰፊ ጨርቅ አላልታ አሰረችው። እጁ ዳነ፤ የትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ጫፎች ግን ከጊዜ በኋላ ደርቀው ወደቁ።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ በሯ ላይ በከሰል ረጅም መስመር ተሰምሮ አገኘችው። ባሻ ዘለቀ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትከሻው ከወለቀ ወዲህ በአንድ ወገን ዝቅ ብሎ ቀርቷል።

«አንባቢዎቹ መጥተው ነበር» አላት። «የለችም አልኳቸው።»

«የት ሄደች አላሉዎትም?»

«አሉኝ። መስኮቱን ጠይቁ አልኳቸው።»

በማግስቱ ልሳኑ ቀለምና ቡሩሽ ይዞ መጣ። ከበሩ ግርጌ ያለውን የራሱን ስም ቀብቶ አጠፋ። «ከተፋቀ በር ላይ መገኘት ይጎዳኛል» አላት አንገቱን ደፍቶ። «አይቀየሙኝ።» አልተቀየመችውም። የገድሉ ነገር ግን በከተማው ተወርቶ ተሰማ የሠራውን ያልሰማ አልቀረም። በገበያ፣ በጠጅ ቤት፣ በየግድግዳው «ተሰማ ክንድ ሊያስቆርጥ ነበር» ተባለ፣ ተጻፈም። አንባቢዎቹም ስሙ ከወትሮው ሦስት እጥፍ መጠራቱን ቆጥረው አንደኛነቱን አጸኑለት። ጠላቶቹ መጻፋቸውን ሲያቆሙ እሱ ራሱ ቀጠለበት ይባላል።

አሰገደች ዘንድ ማንም አልመጣም። መጀመሪያ ቀኖቹን ቆጠረች፤ ከዚያ መቁጠሩን ተወች። ጠዋት ትነሣለች፣ ቤቷን ትጠርጋለች፣ ሽንበቆዎቿን በፀሐይ ታሰጣለች፣ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ተሳስቼ ይሆን ትላለች። በዚያ ዓመት በከተማው ስንት አጥንት ይሰበራል? አንዱን እጅ ለማዳን ስንቱን ለተሰማ ተውኩት?

ገድሉ ወደ መስኮቱ እንደተመለሰ ሰማች። ሰሌዳውን እንደ እሱ አጣርቶ የሚያነብ ስላልተገኘ ክንዱ በአንገቱ ተንጠልጥሎ አስቀመጡት። ጸሐፊ ሲሾም ይምላል፦ ከሰሌዳው ላይ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ ተራ አላፋልስም ብሎ። ይህን መሐላ ያፈረሰ ከሥራው ይባረራል፤ ስሙም በምንም ሙያ በሰሌዳው ላይ አይወጣም። አሰገደች ይህን ስታስብ፣ ተሰማን አንደኛ ብሎ ቢያነብም አልፈረደችበትም። ሚስት አለችው፤ ሁለት ጣቱ ጎድሏል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሯ ላይ ብዙ ኮቴ ሰማች። ስትከፍት አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተኝታለች፤ ጭኗ ከጉልበቷ በላይ ጎብጧል፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ከፊት ያለው ሸክላ ሠሪ፣ ባሏ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የቆመው ግን ገድሉ ነበር።

«መስኮቱን ለማን ትተኸው መጣህ?» አለችው።

«ዘግቼው ወጣሁ።»

«ለምን?»

ገድሉ ወደ ቃሬዛው አመለከተ። «ወጌሻ ብለው ጠየቁኝ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የመጀመሪያውን ስም ማንበብ አቃተኝ። ሁለተኛውን ባነብ ተራ ማፋለስ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሌላ ጸሐፊ ጠርተው ያስነብቡታል፤ ስለዚህ ወጣሁና ተከተሉኝ አልኳቸው።»

«ያባርሩሃል።»

«ይሆናል።»

«ሰልፉስ?»

«እንደቆመ ነው። ስወጣ ያስተዋለኝ የለም።»

ሸክላ ሠሪው ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ቃሬዛውን ዝቅ አላደረገም። ጽሑፍ የተዘበራረቀበትን በር አየ፤ የከሰሉን መስመር አየ፤ ከዚያ ወደ ገድሉ ዞረ።

«ሰሌዳው ላይ ስንተኛ ናት?» አለው።

«የለችበትም» አለ ገድሉ።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ሴትየዋ ቃሬዛው ላይ ሆና አቃሰተች። ከኋላ ያሉት ተሸካሚዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ «ተሰማ ዘንድ እኮ ቅርብ ነው፤ አንደኛም ነው» አለ ቀስ ብሎ። ሸክላ ሠሪው የሚስቱን ፊት አየ። በሩቁ ካለው መስኮት በኩል የሚመጣ ድምፅ ያለ ይመስል ጥቂት አዳመጠ። አሰገደች ልትለምነው ፈለገች፤ ‹አምጣት፣ ጭን ጊዜ አይሰጥም› ልትለው ፈለገች። ግን ስሟ በሰሌዳው ላይ የሌለ ሴት ለማያውቃት ሰው ምን ብላ ትመሰክራለች?

ገድሉ በዚህ መሐል ክንዱን ከአንገቱ አወጣ። ጨርቁን በጥርሱና በደህናው እጁ ፈታው። ባዶ ክንዱን ዘረጋና ከሸክላ ሠሪው ፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ መልሶም ዘረጋቸው፤ የጎደሉትንም ጭምር።

ሸክላ ሠሪው የጠፍሩን ጠባሳና የሚንቀሳቀሱትን ጣቶች አየ።

«እግሯ በኩል ያላችሁ ጠጋ በሉ» አለ ለሰዎቹ። «በሩ ጠባብ ነው።»

አሰገደች ከመንገዳቸው ዞር አለችና ሽንበቆዎቿን ልትሰበስብ ሄደች።